የምንጭ ውሃ የጠጣ ሰላጣ

«ሀዱ… ሀዱዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው።»

መቅደላዊት ይህን ያንሾካሾከችው የሒሳብ ሞዴል ፈተና ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሀዲያ ከወረቀቷ ቀና ብላ ስታያት የጓደኛዋ ፊት አመድ መስሏል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ፈታኙ «እዚያ ጋ ምንድን ነው ወሬው?» ብለው ሳይጨርሱ መቅደላዊት አፏን በሹራቧ እጅጌ አፍና ተነሳች። በሩ ድረስ ግን አልዘለቀችም። ሁለት ወንበር አልፋ በጉልበቷ ወደቀችና ወለሉ ላይ አስመለሳት። የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው፤ ሑዳዴ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።

ሀዲያ እርሳሷን ጥላ ብድግ አለች።

«ወረቀትሽን አስረክበሽ ነው የምትወጪው። ከወጣሽ ደግሞ መመለስ የለም» አሏት ፈታኙ።

አስረከበች። ሰባት ጥያቄ ይቀራታል፤ ይቅርባት። የመቅደላዊትን ክንድ ትከሻዋ ላይ ጥላ ስታነሳት የልጅቷ ገላ በሹራቡ ላይ እንኳ ያቃጥላል።

«አታካብጂ ባክሽ፣ ጉንፋን ነው» አለች መቅደላዊት እግሯን እየጎተተች።

«አራት ቀን ሙሉ ጉንፋን! ዝም ብለሽ ተራመጂ።»

ጤና ጣቢያ ደርሰው መቅደላዊት ደም ከሰጠች በኋላ እናቷ የሻለም ነጠላዋ መሬት እየጠረገ፣ እየሮጠች ደረሰች። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። የምርመራውን ወረቀት ሁለቴ አገላብጦ አየውና ታይፎይድ መሆኑን ነገራቸው። ሰባት ቀን መርፌ ትወጋለች፣ አሁን ግሉኮስ ይሰቀልላታል፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አንጀቷን ይበሳው ነበር አለ። የሻለም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ጥሬ ነገር ትበላለች?» አለ ሐኪሙ። «አትክልት፣ በደንብ ያልታጠበ ነገር…»

«ኧረ ዶክተር፣ ጾም አይደል እንዴ! በምን እንግፋው ታዲያ? ሽሮና ሰላጣ ነው። ሰላጣውን ግን አትጠርጥርብኝ። የጎረቤቴ የኡሙልኸይር ነው፤ ከጓሮዋ ቆርጣ በእጇ ነው የምትሰጠኝ። የምንጭ ውሃ የጠጣ ነው። ወላሂ የእሷን ሰላጣ ሳላጥበው ብበላው አልሰጋም።»

ወሎ ነውና የማርያም ማኅበርተኛዋ የሻለምም ስትምል ወላሂ ትላለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ… ቲማቲም» አለችና የሻለም ድንገት ዓይኗ ፈጠጠ። «ቲማቲም! ከዚያች ከዝናሽ ነው የምገዛው። መሬት ላይ ዘርግታ፣ ዝንብ እየወረረው! እሷ ናት ልጄን የገደለችብኝ!»

«ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለ ሐኪሙ፤ ማን ሰምቶት።

ሀዲያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «የምንጭ ውሃ የጠጣ» የሚለው ከየሻለም አፍ ሲወጣ ዓይኗን ከእሷ አሸሸች። እሷም የረመዳን ጾመኛ ናት፤ አፏ ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል። አሁን ግን ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ።

እንግዲህ የዚህ ሰላጣ ነገር ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም።

የሀዲያ እናት ኡሙልኸይር ሰባት ዓመት ጅዳ ነበረች። እሷ የሰው ቤት ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታዝል፣ የራሷን ልጅ ያሳደጉላት ወግዲ ገጠር የነበሩት እናቷ ናቸው። የሀዲያ አባት ገና በሕፃንነቷ ሞቷል። ለሀዲያ እናት ማለት ዓርብ ዓርብ በስልክ የምትመጣ ድምፅ ነበረች፤ «ትምህርት እንዴት ነው? ጫማው በልክሽ ሆነ?» ትልና ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የምትጠፋ። ካቻምና ግን ድምፁ ሥጋ ለብሶ መጣ። ኡሙልኸይር መስኮት ስትወለውል ከመሰላል ወድቃ ወገቧ ተጎድቶ ተመለሰች። ከሰባት ዓመት ድካም የተረፋት መካነ ሰላም ላይ የሠራቻት ባለ ሁለት ክፍል ቤትና ከቤቱ ጀርባ ያለች፣ አሥር እርምጃ በስድስት የምትሆን ጓሮ ነች። አያት አምና ሞቱ። አሁን እናትና ልጅ ሁለት ናቸው፤ ሌላ ማንም የላቸውም።

ጎረቤቱ ሁሉ በጓሮዋ ነገር መካሪ ሆነባት። «ሰርቪስ ቤት ሥሪበትና አከራዪው እንጂ! ከተማ መሃል ጎመን ተክሎ መቀመጥ ምን ይሉታል?» አሏት። ኡሙልኸይር ግን እልኸኛ ናት። አፈርና ፍግ በጆንያ ሞላች፤ የተጣለ የመኪና ጎማ ለምና አመጣች፤ የተሰነጠቀ በርሜል ቆረጠች። አጥር ጥግ ካሮት፣ በጎማው ቆስጣ፣ ጥላ ባለበት ሰላጣ። ድሮ ሰው ሁሉ ቦይ ውስጥ የሚደፋውን የሽንኩርት ልጣጭና የቤት ጥራጊ ሰብስባ ጉድጓድ ውስጥ አበሰበሰችና ማዳበሪያ አደረገችው። ከግብርና የመጣች ባለሙያ አይታው «ይህንንማ ሰው ሁሉ ማየት አለበት» ብላ ፎቶ አነሳች።

ሰላጣ እዚያ ሰፈር ድሮ ከደሴ በመኪና ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ጠውልጎና ተረግጦ ነበር የሚመጣው። አሁን ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ይገዛል። በዚያች ጠባብ መንደር አምስት ሴቶች ኡሙልኸይርን አይተው ጆንያ ሞሉ።

«እቺ ጓሮ እስካልከዳችኝ ድረስ ዓረብ አገርን ዓይኔ አያየውም» ትል ነበር ኡሙልኸይር። «ከከዳችኝ ግን ልጄ፣ ጦም አላሳድርሽም፤ በተሰበረ ወገቤም ቢሆን ተመልሼ እሄዳለሁ።»

ሀዲያ ከዚህ ውስጥ የምትሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የአንዲት ሰላጣ ቅጠል ጫፍ ቢጫ በሆነ ቁጥር እናቷ ሳታይ ቀንጥሳ ትጥለዋለች። ሌላው ልጅ ሰላጣ ሲያይ ሰላጣ ያያል፤ እሷ የምታየው አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ችግሩ ውሃ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መካነ ሰላምን ሳያይ አልቀረም። ዓባይ እዚያ ማዶ ገደል ውስጥ እንደ ልቡ ይጎማለላል፤ ደጋ ላይ ያለው ሰው ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። የዘንድሮው በጋ ደግሞ ባሰ። የእነ ሀዲያ ሰፈር ቧንቧ ሳምንት ጠፍቶ ለሁለት ሰዓት ብቅ ይላል፤ እሱም ለመጠጥና ለማብሰያ ከበቃ ተመስገን ነው። ሰላጣ ደግሞ የሚፈለገው በሑዳዴ ነው፣ ሑዳዴ የሚገባው በበጋ ነው፣ በበጋ ውሃ የለም። ነገሩ እንዲህ የተቆላለፈ ነው። በዚህ ላይ ረመዳንና ሑዳዴ በአንድ ሰሞን ገቡ።

ጓሮውን ማጠጣት የሀዲያ ሥራ ሆነ። ኡሙልኸይር በዚያ ወገብ ጀሪካን አታነሳም። ምንጩ ያለው ከከተማው ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ተወርዶ ነው፤ ሲመለሱ ዳገት። ሀዲያ ከትምህርት ቤት መልስ በጠራራ ፀሐይ፣ አፏ ደርቆ፣ ሁለት ምልልስ ትሄዳለች። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን ዳገቱ መሃል ላይ ዓይኗ ጨለመና ከነጀሪካኗ ቁጭ አለች። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ከበቧት።

«አንዲት ጉንጭ ጠጪ ልጄ፤ የገደፍሽውን ቀን በኋላ ጾመሽ ቀዷ ታወጪያለሽ። አላህ ያዝንልሻል እንጂ አይቆጣሽም።»

«እንቢ» አለች። ሙሉውን ወር ለመጾም በልቧ ነይታ፣ ቆርጣ የጀመረችው ዘንድሮ ነው። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አንድም ቀን አትገድፍም» እያለች ነግራለች። ሰላሳ ቀን እጾማለሁ ብሎ በሁለተኛው ቀን መግደፍ ሼም ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምንጩ አልወረደችም። ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ከላይኛው ሰፈር የሚወርድ ቦይ አለ። በበጋም አይደርቅም። የማይደርቅበትን ምክንያት ሀዲያ አሳምራ ታውቃለች፤ የልብስ እጣቢውም፣ የሽንት ቤቱም፣ የሁሉም መውረጃ እሱ ነው። ግን ያን ቀን ጠርቶ ይፈሳል። ግራ ቀኝ አየች፤ ማንም የለም። አትክልት እንጂ ሰው አይጠጣው፣ አፈሩ ያጣራዋል አለች በልቧ። ጀሪካኗን አጠለቀች። ከዚያ ምንጭ ደርሳ የተመለሰች እንድትመስል ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ተቀምጣ ጠበቀች።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አለቻት እናቷ ስትገባ፤ «በጾም አፍሽ ምንጭ ድረስ!»

እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሰላጣው ፋፋ፤ ያ ቦይ ፍግም አለበትና እንዲያውም ከድሮው የበለጠ አማረ። ኡሙልኸይር በደስታ አበደች። ለገዢ ሁሉ «ልጄ በጾም ወርዳ የምታመጣው የምንጭ ውሃ ነው፤ ወላሂል ዓዚም፣ ሌላ ጠብታ አልነካውም» እያለች ትምል ጀመር። ውሸቱ የልጅቱ፣ መሃላው የእናትዬዋ፤ ያውም በረመዳን። ሀዲያ ይህን በሰማች ቁጥር ወደ ቤት ገብታ ያልቆሸሸ ዕቃ ታጥባለች። እነሱ ቤት ሰላጣ አይበላም፤ ለሽያጭ ነው። ለእነሱ የሚቀቀለው ቆስጣ ነው። ለየሻለም ግን ኡሙልኸይር በየሁለት ቀኑ አንድ ጭብጥ በነፃ ትልካለች። «ሰደቃ ነው፤ እሷም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ» ትላለች። ሰደቃውን አጥር አሻግራ የምታደርሰው ራሷ ሀዲያ ነበረች።

ከጤና ጣቢያ በተመለሰች ማግስት ሀዲያ ጀሪካኗን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ምንጩ ወረደች። ዳገቱ መሃል ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦዩን አልነካችውም፤ ግን የነካው ነክቷል። ሰላጣው እዚያው ቆሟል፤ እናቷም እየቆረጠች ትሸጣለች። ሀዲያ ገዢ በመጣ ቁጥር ሮጣ ተቀብላ በጨው ውሃ ትነክረዋለች። እናቷ «ምን ሆነሻል አንቺ? ንጹሑን ነገር!» ትላታለች።

በአምስተኛው ቀን መቅደላዊትን ልትጠይቃት ሄደች። ልጅቱ አልጋዋ ላይ ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እንደዚያም ሆና ትቀልዳለች።

«ሒሳቡን ፎረፍኩት አይደል? እንኳን! ለነገሩ አይመጣልኝም ነበር።»

«ሌላ ዙር አለ ብለዋል። አብሽሪ።»

«እማዬ ወተት ጠጪ ትለኛለች። በጾም! እንቢ አልኳት፤ የንስሐ አባታችን ድረስ አስጠርታ አስፈቀደችብኝ።» ትንሽ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ታውቂያለሽ፣ አንቺን እያሰብኩ ነው እንቢ ያልኩት። ሀዲያ በዚያ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት እየወጣች ካልገደፈች፣ እኔ ተኝቼ እንዴት እገድፋለሁ ብዬ። ቀናሁብሽ እኮ፣ አቦ!»

ሀዲያ ቀና ማለት አቃታት። ልንገራት ብላ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «ወተቱን ጠጪ» የሚል ብቻ ነው። ተሰናብታት ወጣችና በራቸው ጋ ቆማ አለቀሰች። ፈሪ ነኝ አለች ለራሷ፤ ውሸታምስ ሆንኩ፣ ፈሪ ደግሞ።

ገበያውን አቋርጣ ስትመለስ ዝናሽን አየቻት። ዝናሽ ወጣት ሴት ናት፤ በሸራ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ዘርግታ ነው የምትኖረው። የሻለም መጥታ በገበያ መሃል «መርዝ ሻጭ!» ብላ ጮኻባት ከሄደች ወዲህ ሰው ሸራዋን ዞሮ ያልፋል። ከግራና ከቀኝ ያሉት ሻጮች ገዢ በገዢ ሆነዋል። የዝናሽ ቲማቲም ግን ለስልሶ ውሃ ማውጣት ጀምሯል።

«የእነ የሻለም ሰፈር ልጅ አይደለሽ አንቺ?» አለቻት ዝናሽ። «ልጇ ተሻላት?»

«እየተሻላት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። በልጆቼ ሞት፣ ቲማቲሜን አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውዬ ነው የምዘረጋው። ግን ማን ያውቃል… ከእኔም ይሆናል እላለሁ አሁን አሁን። ሌሎች ልጆችም ታመውብኝ ይሆናል እላለሁ። እንቅልፍ የለኝም።»

ሀዲያ ኪሷ ውስጥ ያለውን አውጥታ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ገዛች። ዝናሽ መረቀቻት። ያ ምርቃት እስከ ቤቷ ድረስ ጀርባዋን ሲያሳክካት ሄደ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ የሻለም በአጥሩ ላይ ተጣራች። ድምፅዋ ልጇ ከታመመችባት ቀን ወዲህ እንዲህ ደምቆ ተሰምቶ አያውቅም።

«ኡሙዬ! ኡሙዬ! ልጄ አፏን ከፈተች! ምን አማረሽ ስላት ሰላጣ አለችኝ፣ በሎሚ!»

«አልሐምዱሊላህ! እሰይ!» ኡሙልኸይር ከተቀመጠችበት ወገቧን ይዛ ተነሳች። «አሁን ሀዲያ ታመጣልሻለች። የተሻለ የተሻለውን ነው የምመርጥላት!»

ቢላዋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ሀዲያ ተከተለቻት። እናቷ ጎንበስ ብላ ከሁሉም የለመለመውን ሰላጣ ከሥሩ ያዘች።

«እማ፣ አትቁረጪው።»

«ምነው?»

«አትቁረጪው። የምንጭ ውሃ አይደለም።»

ኡሙልኸይር ቀና አለች። ሀዲያ ነገረቻት። ድልድዩን፣ ቦዩን፣ ባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጠችውን አንድ ሰዓት፣ ሁሉንም። ስትጀምር ያልቅልኛል ብላ አላሰበችም፤ አለቀ፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እናቷ አልተቆጣችም፤ ቢላዋውን ጎማው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ የበርሜሉ ቁራጭ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት።»

«በአላህ ስም ምዬበታለሁ» አለች ኡሙልኸይር በቀስታ። «በረመዳን። ያ ረቢ።» ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ለምን? እኔ ጠማኝ ብትዪ፣ ደከመኝ ብትዪ እቆጣሻለሁ? ግደፊ እልሽ ነበር እኮ! ሰላጣውም ይደርቅ ነበር!»

«እንዳይደርቅ ነዋ! ከደረቀ ልትሄጂ አይደል?»

ኡሙልኸይር ልጇን አየቻት፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። ከመስጊድ የቁርአን ድምፅ ይሰማል፤ የሻለም ከማዶ ሳህን ስታንኳኳም ይሰማል። ኡሙልኸይር ስትናገር ድምፅዋ ተለውጧል፤ ቸኩሏል።

«ስሚኝ። ዛሬውኑ ሁሉንም ነቅለን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብረዋለን። አንድ ቅጠል ከዚህ አይወጣም። ለየሻለም ጠውልጓል እንላታለን። ልጅቱ ድናለች፤ አላህ አትርፏታል። በቃ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ዝናሽስ?»

«ዝናሽ…» ኡሙልኸይር ከንፈሯን ነከሰች። «ሰው ይረሳል። በወሩ ይረሳል። ተመልሰው ይገዟታል።»

«እንቅልፍ የለኝም አለችኝ፣ እማ። ሌሎች ልጆችም ታመውብኝ ይሆናል አለችኝ።»

«እኔስ? እኔ ምን አለኝ ሌላ?» ኡሙልኸይር ጮኸች፤ ወዲያው የሻለም እንዳትሰማ ድምፅዋን ዋጠችው። «ይህ ከወጣ ከእኔ ጓሮ ቅጠል የሚነካ የለም። እነዚያ አምስቱ ሴቶችም አይሸጥላቸውም፤ የከተማ አትክልት እንዲህ ነው ይባላል። ከዚያ መሄዴ ነው። ገባሽ? ዛቻ አይደለም፤ ምርጫ የለኝም። አንቺን ሰው ቤት አስቀምጬ መሄዴ ነው። ያንን ትፈልጊያለሽ?»

ሀዲያ አትፈልግም። በዓለም ላይ እንደዚህ የማትፈልገው ነገር የለም። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ፀጉሯን የምትጎነጉንላት ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰባት ዓመት የጠበቀችው ሁለት ዓመት። ያ ድምፅ ተመልሶ ስልክ ውስጥ ሲገባ ታያት። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ታያት። እምባዋ እየወረደ «አልፈልግም» አለች።

«እንግዲያው ሂጂና ጠውልጓል በያት። እየጠበቀች ነው» አለች ኡሙልኸይር። ተነሥታ ሰላጣውን ትነቅል ጀመር። በሁለት እጇ፣ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ። ወገቧን ሲያማት ታቃስታለች፤ አላቆመችም። ሀዲያ ላግዝሽ ልትል ነበር፤ እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም።

ከበራቸው እስከ የሻለም በር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሀዲያ ስትራመድ ቃሏን አሰናዳች። ጠውልጓል። አንዲት ቃል ናት። ለዚያውም አሁን ተነቅሎ መሬት ላይ ተጥሏልና እስከ ማታ እውነት ይሆናል። ይህን ብላ ብትመለስ መግሪብ ሲል ከእናቷ ጋር ተምር ቆርሰው ያፈጥራሉ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

«ነይ ግቢ የኔ እናት! መቅዲ፣ መጣችልሽ!» አለች የሻለም በሩን ወለል አድርጋ።

መቅደላዊት በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ባዶ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ለሁለት የተገመሰ ሎሚ አለ። ሀዲያን ስታይ ፈገግ አለች። የሀዲያ እጅ ባዶ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው የሻለም ናት።

«ሰላጣውስ?»

«አላመጣሁም፣ እትዬ የሻለም።»

«ምነው? አለቀ እንዴ?»

ያቺ ቃል ጥርሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ሀዲያ ጫማዋን አወለቀች። ገብታ አልጋው እግርጌ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እትዬ የሻለም፣ እርስዎም ይቀመጡ» አለች። «የዝናሽ ቲማቲም አይደለም።»